እናታችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳለስ ኤርፖርት ሲያርፉ፦ ከአውሮፕላን ወርደው በሩ ጋ እስክታቅፏቸው ድረስ

እማዬን መጀመሪያ ያመጣኋት ጊዜ ትኬቱን ቆርጬ፣ ቪዛዋን አይቼ፣ "በቃ፣ ስትደርሺ እዚያው እቀበልሻለሁ" ብዬ ነው የተውኩት። ዳለስ ኤርፖርት መውጫው በር ላይ አበባ ይዤ ሦስት ሰዓት ቆምኩ። ከእሷ ጋር የመጣው ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ እሷ የለችም። ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። "ልጄ፣ ወንጀለኛ መሰልኩ እኮ" አለችኝ። ምንም አላጠፋችም። ምን እንደሚጠብቃት የነገራት ሰው ግን አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አማቴ ሲመጡ ሁለት ማታ በስልክ ቁጭ ብለን ሁሉንም ከጫፍ እስከ ጫፍ አወራነው። አንድ ወረቀትም አዘጋጀን። እሳቸው ካረፉ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በኋላ ወጡ። ያው ኤርፖርት፣ ያው መስመር፣ ያው ጥያቄ። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

የምናገረው ከአዲስ አበባ ተነስተው ቨርጂኒያ ዳለስ ስለሚያርፉ፣ በጉብኝት ቪዛ ስለሚመጡ ወላጆች ነው። ሌላ የአሜሪካ ኤርፖርት ቢሆንም ሕጉ አንድ ነው፤ ሕንጻው ብቻ ይለያል። (ትኬት ስትቆርጡ ዳለስና ዳላስ እንዳይምታታባችሁ። ዳላስ ቴክሳስ ነው፣ ከዳለስ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ይርቃል።)

መጀመሪያ፦ አንዲቱ ወረቀት

አንድ ገጽ ትበቃለች። በትልልቅ ፊደል፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ግማሹ በአማርኛ ጻፉት። የእናታችሁ ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን። የሚያርፉበት ቤት ሙሉ አድራሻ፣ ዚፕ ኮዱ ሳይቀር ይግባ። የእናንተ ስም፣ ስልክ፣ የሁለተኛ ሰው ስልክም ይኑር፤ የእናንተ ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ይችላል። የመመለሻ ቀናቸው፣ የሚወስዱት መድኃኒት ስም፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው እሱም ይጻፍ። ከላይ በደማቁ ደግሞ በእንግሊዝኛ "የምናገረው አማርኛ ነው፣ እባክዎ አስተርጓሚ ይጥሩልኝ" የሚል ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ። የድንበር ጥበቃ ሠራተኞቹ በስልክ አስተርጓሚ የማግኘት አሠራር አላቸው። ግማሹ ያልገባን ጥያቄ ላይ "የስ፣ የስ" ከማለት መቶ ጊዜ ይሻላል።

ወረቀቷ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ፓስፖርቱ ውስጥ ትግባ። እማዬ አድራሻዬን ይዛ ነበር፤ ግን ነጠላዋ ሥር፣ ቦርሳዋ ውስጥ ባለ ሌላ ቦርሳ፣ በመሐረብ ተቋጥሮ። መኮንኑ ፊት ቆማ ያንን ስትፈታ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነበር አለችኝ።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የምንጠራው በአባታችን ስም ነው። ስለዚህ የእናታችሁ የመጨረሻ ስም ከእናንተ ጋር አይገጥምም። አሜሪካዊው ደግሞ እናትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል ብሎ ነው የሚያስበው። "ልጅዎ ናት? ስማችሁ ለምን ተለያየ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ቀላል ነው፦ "በአገራችን ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው"። ይህንንም ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ጻፉላቸው። የልደት ቀን ከተጠየቁ ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ብቻ ይናገሩ፤ በእኛ አቆጣጠር የሚያውቁትን ከተናገሩ ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል፣ የተሳሳተ መረጃ የሰጡም ይመስላል።

መራመድ የሚከብዳቸው ከሆነ ትኬት ስትቆርጡ ዊልቸር ጠይቁ። ነጻ ነው። ሊያፍሩ ይችላሉ፤ አማቴም "ምን ሆኜ ነው በጋሪ የምገፋው" ብለው ነበር። ዊልቸሩ ግን ከድካም ማዳኑ ብቻ አይደለም ጥቅሙ። የሚገፋው ሰው መንገዱን ያውቃል፣ ከአውሮፕላኑ በር እስከ መውጫው አብሮ ይሄዳል። ዳለስ ውስጥ ደግሞ እዚህ ሥራ ላይ የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው። ለአማቴ በአማርኛ "እማማ፣ አይዞዎት" ያላቸው ልጅ ከእኔ ወረቀት በላይ ልባቸውን አረጋግቶታል።

ሻንጣው፣ ከሁሉ በላይ

አብዛኛው ችግር የሚነሳው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሥጋ አይገባም። ቋንጣ አይገባም። በበርበሬ ቢታሽም፣ ለሦስት ወር ቢደርቅም፣ ዱለቱ ቢጠበስም፣ ዶሮ ወጡ በረዶ ሆኖ ቢታሸግም አይገባም። ምክንያቱ ጥላቻ አይደለም። እኛ አገር የአፍና የእግር በሽታ በከብት ላይ አለ፤ አሜሪካ ከፈረንጆቹ 1929 ጀምሮ የለባትም፣ ተመልሶ እንዳይገባም በጣም ይጠነቀቃሉ። ጫት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ እዚህ ከአደንዛዥ ዕጽ ነው የሚቆጠረው፣ ደረቁም እርጥቡም።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ የተቆላ ቡና፣ ጥሬ ቡና፣ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ብዙ ጊዜ ችግር የለባቸውም። በንጹሕ የታሸጉና ምንነታቸው የተጻፈባቸው ይሁኑ። ለመትከል የታሰበ ዘር፣ ችግኝ፣ አፈር የነካው ነገር፣ ትኩስ ፍራፍሬና ቅጠል ተዉት። ቅቤና አይብ ላይ ውሳኔው የእርሻ ምርት ተቆጣጣሪው ነው። መያዝ የግድ ከሆነ ተናግሮ ማሳየት እንጂ መደበቅ የለም።

ዋናው ሕግ ይኸው ነው፦ የያዙትን ምግብ በሙሉ መናገር። ተናግረው የማይገባ ነገር ከተገኘ ዕቃው ይቀራል፣ ቅጣት የለም። ሳይናገሩ ከተገኘ ግን ለግል ፍጆታ በተያዘ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 1,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። እማዬ ላይ የደረሰው ይህ ነው። አጠገቧ የተቀመጠ ደግ መንገደኛ የጉምሩኩን ፎርም ሲሞላላት "ምግብ አለሽ ካልሽ ያጉላሉሻል" ብሎ "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ሻንጣ መውሰጃው ጋ አንዲት ትንሽ ጆሮዋ የተንጠለጠለ ውሻ መጥታ ከሻንጣዋ አጠገብ ቁጭ አለች፤ እንደዚያ ነው የተማሩት፣ አይጮሁም፣ ቁጭ ነው የሚሉት። ሻንጣው ተከፈተ። በሦስት ፌስታል የተጠቀለለ፣ በክር የታሰረ ቋንጣ ወጣ። እኔ እወደዋለሁ ብላ ነው ያመጣችው። መኮንኗ አሸተተችው፣ መዘነችው፣ ወደ ትልቅ በርሜል ጣለችው። ቅጣቱን ምራታለች። እማዬ ግን ያ ቋንጣ በርሜል ውስጥ ሲወድቅ የሰማችውን ድምፅ ዛሬም ታነሳዋለች።

አሁን አሁን ፎርሙ በብዙ ቦታ ቀርቶ ጥያቄው በቃል ሆኗል። በቃልም ቢሆን መልሱ ያው ነው፦ "አዎ፣ ምግብ ይዣለሁ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና።"

ዱቄት ነገር ሁሉ ወደ ትልቁ ሻንጣ ይግባ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ በእጅ ቦርሳ የተያዘ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳርጋል። ማር በእጅ አይያዝም፤ ፈሳሽ ነው የሚባለው። መድኃኒት ግን ተቃራኒው ነው፤ በእጅ ቦርሳ፣ ከነካርቶኑ፣ ከተቻለም ከሐኪም ወረቀት ጋር።

አሁን ደግሞ አደራ። ይህ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። የጎረቤት ልጅ ሜሪላንድ አለ፣ "ትንሽ ነገር ናት፣ ውሰጅልኝ" ይባላል። እናቶቻችን እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። ግን መኮንኑ "ሻንጣውን ያሸጉት ራስዎ ነዎት? የሰው ዕቃ ይዘዋል?" ይላል፤ ሻንጣው ውስጥ ያለው ሁሉ የእሳቸው ነው የሚሆነው። ተሰፍቶ ወይም ታሽጎ የመጣ ነገር አይቀበሉ። ክፍት ሆኖ መጥቶ፣ ዓይናቸው አይቶት፣ እጃቸው አሽጎት ካልሆነ በስተቀር ይቅር። ቅያሜውን እናንተ ውሰዱላቸው፤ "ልጄ ከልክሎኛል" ይበሉ።

ገንዘብ ላይ ብዙ ወሬ አለ። ገደብ የለውም። ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ግን መናገርና ፎርም መሙላት ግዴታ ነው። አባትና እናት አብረው ከመጡ የሁለቱም ተደምሮ ነው የሚታየው።

አውሮፕላኑ ላይ

ወደ አሜሪካ ሲኬድ አውሮፕላኑ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነዳጅ ይሞላል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለሙሉ ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ሲመለስ ግን ዳለስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ በቀጥታ ይበራል። ለእናታችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ "መሃል ላይ ያርፋል፣ አይወረድም፣ ከመቀመጫሽ አትነሺ።" እማዬ እዚያ ቦርሳዋን ይዛ ተነስታ ነበር።

ከምግቡ የተረፈ ፖም ወይም ሙዝ ቦርሳ ውስጥ አይግባ። ለልጅ ልጅ ይሆናል ተብሎ የተያዘ አንድ ፖም ከቋንጣ እኩል ነው የሚታየው።

ከመውረዳቸው አንድ ሰዓት በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ፣ ውሃ ይጠጡ። ሰልፉ ሊረዝም ይችላል።

ሲወርዱ

ዳለስ ልዩ ነገር አለው። ከአውሮፕላኑ ወጥተው ትንሽ ከሄዱ በኋላ እንደ ሳሎን ያለ፣ ትልልቅ ጎማ ያለው ሰፊ ተሽከርካሪ ውስጥ ይገባሉ። ኤርፖርቱ በፈረንጆቹ 1962 ከተከፈተ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በሩ ይዘጋል፣ ተሽከርካሪው ሜዳውን አቋርጦ ወደ መግቢያ ሕንጻው ይወስዳቸዋል። ያላወቀ ሰው ወደ ሌላ ከተማ የሚወሰድ ነው የሚመስለው። ምንም አይደለም፣ ሰው ሁሉ የሚገባበት ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ወደ ሌላ ከተማ ቀጣይ በረራ ያለው መንገደኛ በሌላ በኩል ሊመራ ይችላል። ስለዚህ ቀጣይ ትኬት ያላቸው ከሆነ ከአውሮፕላኑ እንደወረዱ ለመጀመሪያው ሠራተኛ ያሳዩት።

አዳራሹ ውስጥ ሰልፉ ይለያያል። ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው በአንድ በኩል፣ ጎብኚዎች በሌላ። እናታችሁ የጎብኚው ላይ ይቁሙ። እዚህ ቦታ ስልክ አይነካም፤ ፎቶ ማንሳት፣ ቪዲዮ መቅረጽ፣ መደወል ክልክል ነው። እናንተም ውጭ ሆናችሁ ደጋግማችሁ አትደውሉ፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ።

መኮንኑ ፊት

ፓስፖርቱን ይሰጣሉ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ካሜራውን ያያሉ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ያደርጋሉ። በሥራ ብዛት ጣታቸው የለሰለሰ እናቶች አሻራቸው ቶሎ አይነበብም፤ ደግመው ደግመው ቢያስነሷቸው ክፉ ምልክት አይደለም፣ ማሽኑ ነው።

ጥያቄዎቹ አምስት ስድስት ናቸው። ለምን መጡ? ማን ጋር ያርፋሉ? ስንት ጊዜ ይቆያሉ? ልጅዎ ምን ትሠራለች? ምን ያህል ገንዘብ ይዘዋል? ምግብ አለ?

እዚህ ላይ ከቋንቋው ይልቅ አነጋገራችን ነው የሚያስቸግረው። "ስንት ጊዜ ይቆያሉ?" ሲባሉ እናቶቻችን "እንግዲህ እግዚአብሔር እንደፈቀደ" ይላሉ። ለእኛ ትሕትና ነው፣ እምነት ነው። ተተርጉሞ መኮንኑ ጆሮ ሲደርስ ግን "የመመለሻ ቀን የለኝም" ማለት ይሆናል። እማዬን ወደ ሌላ ክፍል ያስገባት ይኸው መልስ ነው። መልሱ እንዲህ ይሁን፦ "ሁለት ወር። የመመለሻ ትኬቴ ይኸው።" እግዚአብሔርን በልባቸው ይያዙት።

ሌላው "የልጅ ልጄን ልጠብቅ ነው" የሚለው ነው። አያት የልጅ ልጇን ማቀፏ ለእኛ ፍቅር ነው፤ ለመኮንኑ ግን ሞግዚትነት ሥራ ነው፣ በጉብኝት ቪዛ ደግሞ መሥራት አይፈቀድም። በርግጥ የመጡት ሊጠይቁ ከሆነ "ልጄን ልጠይቅ፣ የልጅ ልጄን ለማየት መጣሁ" ይበሉ። ውሸት እንዲናገሩ እያልኩ አይደለም፤ ውሸት እዚህ ቦታ ቪዛ ያሳጣል፣ ለዓመታትም ይከተላል። የምለው እውነቱን በአጭሩ፣ የተጠየቁትን ብቻ፣ ሳያስረዝሙ ይመልሱ ነው።

ወደ ሌላ ክፍል ቢገቡስ

ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው። ክፍሉ ወንበር ያለበት ተራ ክፍል ነው፣ ተራ እስኪደርስ ይቀመጣሉ። ስልክ አይፈቀድም። አንዳንዱ የሚገባው ስሙ ከሌላ ሰው ስም ጋር ስለተመሳሰለ ነው፤ አንዳንዱ አስተርጓሚ እስኪገኝ። በኢሚግራንት ቪዛ የሚመጣ ሰውማ ወረቀቱ የሚጣራው ብዙውን ጊዜ እዚያው ስለሆነ መግባቱ የተለመደ ነው። አንድም ነገር ያልገባቸው ወረቀት አይፈርሙ፣ "በአማርኛ ይነበብልኝ" ይበሉ። ሽንት ቤትና ውሃ መጠየቅ ይቻላል፤ እማዬ ማፈሯን ነው የነገረችኝ፣ ሦስቱንም ሰዓት ሳትጠይቅ ተቀመጠች።

ሻንጣና ጉምሩክ

ሻንጣ ከሌላው ጋር እንዳይምታታ ቀይ ጨርቅ ወይም የጥለት ቁራጭ መያዣው ላይ እሰሩ። ሁሉም ጥቁር ነው የሚያመጣው። ቦሌ የሰጧቸውን የሻንጣ ቁጥር ወረቀት አይጣሉት። ሻንጣው ካልመጣ ወይም ተሰብሮ ከመጣ ከአዳራሹ ሳይወጡ ለአየር መንገዱ ቢሮ ማስመዝገብ ነው። ቤት ገብተው ጉዳት ካዩም ሻንጣው ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል።

ቀጣይ በረራ ያለው ሰው፣ ሻንጣው ላይ የመጨረሻው ከተማ ስም ቢለጠፍም፣ አሜሪካ መጀመሪያ ባረፈበት ቦታ ሻንጣውን ራሱ አንስቶ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ መልሶ ያስረክባል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ሻንጣውን ጥሎ ይሮጣል። ከዚያ እንደገና ፍተሻ ስላለ በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይኑር። ርካሽ ነው ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ያለው ትኬት ለእናት አይቆረጥም።

በሩ

የተፈተሸው ሰው ሁሉ በአንድ መውጫ ነው የሚመጣው፤ ከሻንጣው አዳራሽ ወጥተው በሩ ሲከፈት ሰው ተሰብስቦ ያያሉ። አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ "ከበሩ ስትወጪ ባታዪኝ እንኳ ከዚያ አትራቂ፣ እዚያው ቁሚ።" የለበሳችሁትን ልብስ ንገሯቸው። የኢትዮጵያ ሲም እዚህ ላይሠራ ስለሚችል የኤርፖርቱ ነጻ ዋይፋይ ላይ መተማመን አለ፤ እሱን መክፈት ላልለመደ ሰው ግን ከባድ ነው። ያልታወቀ ሰው ቀርቦ "ታክሲ" ቢላቸው አይከተሉ። መኪና ያላችሁ፣ ኤርፖርቱ ስልክ እስኪደወል የሚጠበቅበት ነጻ ማቆሚያ አለው፤ እኔ ግን መኪናውን አቁሜ በሩ ድረስ ገብቼ ነው የምጠብቀው። መኪና ለሌላችሁ ከፈረንጆቹ ኖቬምበር 2022 ጀምሮ የሜትሮው ሲልቨር መስመር ኤርፖርቱ ድረስ ይመጣል። ሁለት ትልልቅ ሻንጣና አንዲት የደከመች እናት ይዞ ግን ያስቸግራል።

ያን ቀን ማታ

እንቅልፍ ከመውሰዱ በፊት አንድ ነገር ቀርቷል። የሚቆዩበትን ቀን የሚወስነው ቪዛው ላይ ያለው ቀን አይደለም። ቪዛው የመግቢያ ፈቃድ ነው። የመቆያው ቀን አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ነው ያለው፤ ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ፓስፖርት ላይ ማህተም መምታት እየቀረ ስለሆነ ማህተም ባታዩ አትደንግጡ። የድንበር ጥበቃው ድረ ገጽ ላይ ስም፣ የልደት ቀንና የፓስፖርት ቁጥር ስታስገቡ መዝገቡ ይወጣል። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ይገጥም እንደሆነ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ስህተት ካለ የሚያርም ቢሮ ስላለ ሳትዘገዩ ሂዱ። ቀኑን ስታነቡ ተጠንቀቁ፤ እዚህ ወር ነው የሚቀድመው፣ 03/07 ማርች 7 ነው እንጂ ጁላይ 3 አይደለም።

የአማቴን አትሜ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት፤ ከሥሩ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር በእጄ ጻፍኩበት። እሳቸው ቡናቸውን ሲያፈሉ በየጠዋቱ ያዩት ነበር።